የተጠየቀችው እናት

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። እኛ አገር ክረምት ሲባል ዝናብ ነው፤ ጆሃንስበርግ ግን ክረምቱ ደረቅ ብርድ ነው። ሣሩ ይነጣል፤ የከሰል ጭስ ሰፈራችን ዳቬይተን ላይ ዝቅ ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሰው እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ማውጣት ይከብደዋል። በዚያ ክረምት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ይዛው የሄደችው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሌላ ሴት ነው።

ሌላዋ ሴት አከራያችን ናት። ሱቃችን ከግቢዋ ፊት፣ መንገዱ ዳር የተሠራ ክፍል ነው። እኛ ከሱቁ ጀርባ እንኖራለን፤ እሷ በትልቁ ቤት ትኖራለች፤ በመካከላችን አጭር ግንብ አለ። ልጄን ስወልድ ደም በዝቶ ፈሰሰኝና ሆስፒታል ቀረሁ። ባለቤቴ ሕፃኗን ታቅፎ ብቻውን ቤት ሲገባ፣ አከራያችን ወንድ ልጇን ገና ጡት አላስጣለችም ነበር። ዛሬ ቢሆን ነርሶቹ ይቆጡ ነበር። እሷ ግን ማንንም አልጠየቀችም። ሕፃኗን ከባለቤቴ እጅ ተቀብላ አጠባቻት። እኔ ድኜ እስክወጣ ድረስ ልጄ የኖረችው በእሷ ጡት ነው።

በሃይማኖታችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያጠባች ሴት እናት ናት። ልጇ ለልጄ ወንድም ነው፤ መጋባት አይችሉም፤ ልጄም በእሱ ፊት ፀጉሯን አትሸፍንም። ይህን ለአከራያችን በነገርኋት ጊዜ እጇን አጨብጭባ ሳቀች። «እንግዲያው የሁለታችን ናት» አለች። እኔ አልሳቅሁም። አላህ ልጄን ያተረፈልኝ በእሷ እጅ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ያን ቀን የረሳሁበት ሶላት የለም። ነገር ግን ምስጋናና ቅናት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ። እኔ ዘንድ ሃያ ዓመት አብረው አድረዋል።

ልጄ እኔን «እማ» ትለኛለች፤ እሷን «ማ» ትላታለች። ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ አጭር አጭር። ከእሷ ጋር በዙሉ ታወራለች፤ ስትስቅ ድምጿ ግንቡን አልፎ ይመጣል። እኔ የማውቀው የሱቅ ዙሉ ነው፤ ሰላምታ፣ ዋጋ፣ «የለም»፣ «ነገ ይመጣል»። ከዚያ ያለፈውን ከአከራያችንም ከደንበኛውም ጋር በእንግሊዝኛ እንግባባለን። ከሳቃቸው ውስጥ የማውቀውን ቃል ስፈልግ አንዳንዴ ደንበኛው ምን እንዳለኝ ይጠፋብኛል።

ጥያቄው የመጣው እንዲህ ነው። ልጄ የምትማረው ፖለቲካ ነው። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ሱቅ ውስጥ ዘይት እየደረደረች፣ «እማ፣ ስሚ» አለችኝ። «አውሮፓ ውስጥ አገሮቹ ከበፊቱ ይበልጥ የሚተሳሰሩበት አንድ ውል ተጻፈ። መሪዎቹ ፈረሙ። ከዚያ ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ ሕዝባቸውን በድምፅ ጠየቁ።»

«ምን አሉ?»

«እንቢ አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ውሉ ቀረ። ቆይቶ መሪዎቹ ሌላ ውል ጻፉ፤ አብዛኛው ያው ነበር። በሁለተኛው ግን እነዚያን ሕዝቦች አልጠየቋቸውም።»

ባለቤቴ ከከተማ ጅምላ ያመጣውን ካርቶን ይፈታ ነበር። «ደግ አደረጉ» አለ። «አንድ ጊዜ እንቢ ያለህን ሰው ሁለተኛ ጠይቀህ ምን ልትሰማ ነው?»

«አባ፣ ቀልድ አይደለም። ትምህርቱ ያለው ለምን እንቢ አሉ የሚለው ላይ ነው። ሁሉም ጎረቤቱን ጠልቶ አይደለም። አንዳንዱ በራሱ መንግሥት ተናዶ ነው። አንዳንዱ ሥራዬን በርካሽ የሚሠራ ይመጣብኛል ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ምንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ልቤ ውስጥ ገባ።

መምህራቸው ሁሉም በየሰፈሩ ሰው እንዲጠይቅ አዟቸዋል። ከዚህ ከደቡብ አፍሪካ እስከ እኛ አገር ድረስ ያሉ አገሮች በአንድ ውል ቢተሳሰሩ፣ ሰው ሁሉ ያለ ቪዛና ያለ ወረቀት በፈለገበት ሄዶ መኖርና መሥራት ቢችል፣ ድምፅ ስጡ ብትባሉ እሺ ትላላችሁ ወይስ እንቢ? ለምን? ጥያቄው ይኸው ነው።

ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዘይቱን ጨርሳ ወደ ሳሙናው ሄደች።

«እኔንስ አትጠይቂኝም?» አልኋት።

«አንቺማ እሺ ነው የምትዪው እማ። የኛ ሰው መልስ ይታወቃል። ደግሞ የምፈልገው እዚህ ድምፅ የሚሰጡትን ነው።»

ክፋት የለባትም፤ እውነቷን ነው። እኔ ያለኝ በየጊዜው የሚታደስ የስደተኛ ወረቀት ነው፤ ድምፅ አያሰጥም። በዚያው ግንቦት ምርጫ ነበር፤ ከሱቃችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ድምፅ ለመስጠት የቆመው ሰልፍ እስከ እኛ በር ደርሶ ነበር። ለሰልፈኛው ሻይና ብስኩት ሸጥሁ። ሰዉ ሁሉ የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር ቀለም ተቀብቶ ተመለሰ። አከራያችንም ጣቷን እያሳየችኝ አለፈች። ቀለሙ ከጥፍሯ እስኪለቅ ድረስ ዳቦ በሰጠኋት ቁጥር አየው ነበር።

ልጄ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ከሱቁ ፊት ተቀመጠችና ደንበኛውን ሁሉ በስልኳ እየቀዳች በእንግሊዝኛ ጠየቀች። እኔ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይምጡ፤ ግን ወደ ዳቬይተን አይምጡ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እሺ!» አለች ፀጉሯን የተሠራች ልጅ። «ናይጄሪያ ሄጄ ሀብታም አገባለሁ።»

«ውል ነው ያልሽው?» አለ አንዱ። «መጀመሪያ መብራቱን በውል ያብሩልኝ።»

አንዲት ሴትዮ እንቢ ብላ ሄዳ እንደገና ተመለሰች። «እናትሽን ግን አያባርሯት፤ ጠዋት በጊዜ የምትከፍት እሷ ብቻ ናት» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ልስቅ ይገባኛል።

በመጨረሻ ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ ትልቁ ቤት ገባች። የሷን መልስ ለመጨረሻ ያቆየችው አስባበት ነው፤ ጽሑፏን በእሷ ልትዘጋ ኖሯል። የውጭ ሰው ልጅ ጡቷን አጥብታ ያሳደገች ሴት እሺ ስትል። በግንቡ ማዶ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ምስር እየለቀምሁ ነበር፤ ዝምታው ሲረዝም እጄ ቆመ።

ልጄ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«እንቢ አለች» አለችኝ።

«ማን?»

«ማ ራሷ! ድንበሩ ሲከፈት እኔን የጠየቀኝ የለም አለች። ልጄ ተምሮ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል አለች። ‹እኔስ?› አልኳት። አንቺ ልጄ ነሽ፣ ከመንገድ የመጣሽ አይደለሽም አለችኝ።» ሳሙናው ላይ ተደገፈች። «እማ፣ እኔ ከመንገድ የመጣሁ አይደለሁም እንዴ? አንቺና አባ በየት ነው የመጣችሁት?»

ማዘን ይገባኝ ነበር። ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ወደ ትልቁ ቤት መሄድ ተወች። ግንቡን እንኳ አታይም። ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች። ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ጠይቃኝ የማታውቀውን ትጠይቀኛለች፤ በየት አገር አልፈን እንደመጣን፣ መንገድ ላይ ምን እንደበላን። አንድ ማታ ጭኔ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ሆና አታውቅም። እግሬ እስኪደነዝዝ አልነቃነቅኋትም።

ስሰግድ ግን ነገሩ ይከብደኝ ጀመር። እጄን ዘርግቼ ላመሰግን ስል ምላሴ ይያዛል። ምን ብዬ ላመስግን? ያገኘሁት ከሌላ ሴት ላይ የተወሰደ ነው።

ደግሞም አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች ሎኬሽኑ፣ ይህ ሰፈራችን፣ በውጭ ሰው ሱቅ ላይ ተነሥቶ ነበር። መንገዱ በሰው ሲሞላ አከራያችን ወንበር አውጥታ ሱቃችን በር ላይ ተቀመጠች፤ ልጄን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ይህ የእኔ ቤት ነው» አለቻቸው። ሰዎቹ አልፈው ሄዱ። «ይህ የእኔ ቤት ነው» አለች እንጂ «እነዚህ የእኔ ሰዎች ናቸው» አላለችም። ያኔም ልብ ብዬው ነበር። ቢሆንም ከወንበሩ አልተነሣችም።

ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ፣ «ሴትዮዋ እንቢ ያለችው ውሉን ነው እንጂ ልጅቷን አይደለም» አለ። «እስቲ የኛን አገር ሰው ጠይቂው። የጎረቤት አገር ሰው ሁሉ ገብቶ መርካቶ ይነግድ፣ ፈርም ቢሉኝ እኔ ራሴ ብዕር ጠፋብኝ ነው የምለው።»

«ለልጅህ ንገራታ» አልሁት።

«አንቺ ንገሪያት። እናቷ አይደለሽ?» ብሎ ሄደ።

አልነገርኋትም። ቀኑ እየገፋ ሄደ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አከራያችን ወደ ሱቅ መጣች። ወትሮ በጓሮ በር ነው የምትገባው። ያን ቀን በመንገዱ ዞራ ከደንበኛው ጋር ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ በፍርግርጉ በኩል፣ «ሳውቦና ሲሲ። ግማሽ ዳቦ» አለችኝ፤ ሲሲ እህቴ ማለት ነው። ግማሽ ዳቦ ገዝታ አታውቅም።

ዳቦውን ቆርጬ ሰጠኋት። አልሄደችም።

«ልጃችን ታመመች እንዴ?»

«ትምህርት በዝቶባት ነው።»

«ሲሲ፣ እኔን እይኝ። ትምህርት ነው?»

ቢላውን ጨርቅ ላይ ጠረግሁ።

«እውነቱን ጠየቀችኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። ልዋሻት ነበር?»

«ብትዋሻት ይሻል ነበር» አልኋት።

«እናንተ እንዲህ ናችሁ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሰው ፊት እሺ፣ ቤት ገብታችሁ እንቢ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ስጠራሽ ምን አልሽኝ? ኢንሻአላህ። ለእናቴ መታሰቢያስ? ኢንሻአላህ። ወንበር ይዤልሽ ስጠብቅ እዋላለሁ። ያንቺ ኢንሻአላህ ማለት አትጠብቂኝ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው።»

ኢንሻአላህ እንዲህ መባል እንደሌለበት አውቃለሁ። ግን እውነቷን ነበር። የኛ ሰው ፊት ለፊት እንቢ አይልም፤ ነውር ነው። «እስቲ ይታያል» እንላለን፣ «አላህ ካለ» እንላለን፤ የተጠየቀው ሰው ራሱ ይገባዋል ብለን እንተወዋለን። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ወንበር ስትይዝልኝ ኖራለች።

«አንቺስ?» አለችኝ በድንገት። «ያን ጥያቄ አንቺን ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ልጄም፣ መንግሥትም፣ ባለቤቴም። ከእሷ ትከሻ በላይ የመንገዱን ማዶ አየሁ። ከረመዳን ወዲህ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል። ባለሱቁ የኛው ወረዳ ሰው ነው፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ከእኔ ቀድሞ ይከፍታል፤ ዳቦውን ከእኔ ያረክሳል፤ «እትዬ» እያለ ሰላም ሲለኝ ፈገግታው ያናድደኛል። ወንድሞቹም እየመጡ ነው ይባላል።

«እንቢ እል ነበር» አልሁ።

አከራያችን አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ፍርግርጉን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምን አለች?» አሉ ከኋላዋ የተሰለፉት።

«ሲሲ ድንበሩ ይዘጋ ትላለች!»

ሰልፉ ሁሉ አውካካ። ያ ሽማግሌ፣ «በይ እንግዲያ አንቺ ውጪና ይዘጋ!» አለኝ።

አከራያችን ሳቋን አቁማ ዞረች። «አንተ ዝም በል። አያትህ ከሌሶቶ በአህያ ነው የመጣው።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አስተካከለ፤ ሌላ አልተናገረም። እሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለልጅቱ ንገሪያት። በራሷ አትመለስም፤ ግትር ናት።»

«ከአባቷ ነው የወረሰችው» አልኋት።

«አይደለም። ከወተቴ ነው» አለችና ዳቦዋን ይዛ ሄደች።

ያ ቃል እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ዋለ። እኔ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብነግራት ግን ከልጄ ዓይን እወድቃለሁ፤ ያም ሳያንሰኝ ግንቡን ተሻግራ ትሄዳለች። ጭኔ ላይ የተኛችበት ማታ አይመለስም። መግሪብ ቆሜ ስሰግድ ይህ ሁሉ አብሮኝ ቆሟል። አሰላምቼ ሶላቴን ስጨርስ ግን አንድ ነገር ፊቴ ተደቀነ። የጡት እናቷን ቆርጣ ብትኖር በአላህ ዘንድ የምትጠየቀው ልጄ ናት። እያየሁ ዝም ካልሁም እኔ አብሬያት እጠየቃለሁ።

ምንጣፌን ሳላጥፍ ጠራኋት።

«ስልክሽን አምጪና ጠይቂኝ።»

«ምኑን?»

«የውሉን ነገር።»

«እማ፣ ጽሑፉን ልጨርስ ነው እኮ።»

«ጠይቂኝ አልኩሽ።»

ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ጥያቄውን ሙሉውን በአማርኛ ተርጉማ ጠየቀችኝ፤ ቃሉ ሲቸግራት እየቆመች። እሺ ወይስ እንቢ?

«እንቢ» አልሁ።

ቀረጻውን አቆመችው። «ጥያቄው አልገባሽም።»

«ገብቶኛል።»

«አንቺ ራስሽ በየት—»

«አዎ፣ እኔ ራሴ። እኛ በጠባብ በር ተጨንቀን ነው የገባነው። ሌላው በሰፊ በር እየሣቀ ሲገባ ሳይ እቀናለሁ። ማዶ ያለውን ሱቅ ሳይ እቀናለሁ።»

«ይሄ ምክንያት ነው እማ?»

«እውነቱን አይደል የጠየቅሽኝ?»

ቆማ ክፍሉ ውስጥ ተመላለሰች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አልሄደችም። እጄን ዘርግቼ ልይዛት ፈልጌ ነበር፤ ተውሁት።

«እሷ እንቢ ስላለች ከራቅሻት ከእኔም ራቂ» አልኋት። «እኔን ካልራቅሽ ደግሞ እሷ ምን አድርጋ ነው የምትርቂያት? እሷ እኮ ሳትጠየቅ ነው አንቺን የተቀበለችው። ስትጠየቅ ደግሞ ያላትን ተናገረች።»

መመላለሷን ተወች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማ ታውቃለች? አንቺም እንቢ እንዳልሽ?» አለችኝ።

«ታውቃለች። የጠየቀችኝ እሷ ናት።»

ተመልሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ አልጠየቅኩሽም» አለች።

«አልጠየቅሽኝም።»

ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ቆይታ ቀና አለችና፣ «ጽሑፌ ውስጥ ላስገባው?» አለች።

«አስገቢው። ስም አትጻፊበት።»

«ሁለቱ እናቶቼ እንቢ አሉ ብዬ ልዝጋው?»

«ሁለቱ እናቶቼ አትበይ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እናቴና ጎረቤታችን በይ።»

«እማ!» አለችና ሳቀች። ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወራች እንዲህ ረዥም ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነው።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ሱቁን ከፈትሁ። መሬቱ አመዳይ ጥሎበታል። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ በጓሮ በር ወጣች፤ የግንቡን በር ስትከፍተው ሰማሁ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ የአከራያችን ድምፅ «ምንታናሚ» አለ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ በዙሉ ያወሩ ጀመር፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ። በመካከሉ «ሲሲ» የሚል ሰማሁ፤ ተከትሎም ሳቅ። የሳቁት በእኔ ነው። ይሁን አልሁ። አልሐምዱሊላህ አልሁ፤ ምላሴም አልተያዘም፤ ቅናቴ ግን ያው ነበር።

ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። ልጄ በአከራያችን በር በኩል እየሮጠች ወጣች፤ የምትበላው በእጇ ነው፤ ወደ ሱቁ ለመምጣት ጊዜ አልነበራትም። ታክሲው በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘች፤ አንድ ጊዜ፣ ለሁለታችን። አከራያችን የቤት ልብሷን እንደለበሰች በሯ ላይ ቆማ እጇን አነሣች።

እኔ ፍርግርጉ ጀርባ ነበርሁ፤ አልታያትም። ዳቦ የሚጠብቁትን ትቼ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ቆሜ እጄን አነሣሁ፤ ከአከራያችን እጅ ከፍ አድርጌ።